ያቺን ጉርሻ ማን በላት

ጎረቤታችን ለሐጅ ሊሄዱ መሆኑ የተሰማ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ "ሐጃ" ብሎ ይጠራቸው ጀመር። ገና ፓስፖርታቸው እንኳ አልወጣም። "ሳልሄድ ምን ሐጃ ትሉኛላችሁ፣ አቦ!" ብለው ይቆጣሉ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ዞር የሚሉት "ሐጃ" ሲባሉ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔም ሐጃ እላቸዋለሁ።

የእሳቸው ቤትና የእኛ ቤት ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ውስጥ በአንድ ግድግዳ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው። ግድግዳው ላይ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው የምታሳልፍ ትንሽ በር አለች። እናቴና ሐጃ በዚያች በር እሳት ሲጫጫሩ፣ ልጅ ሲቀባበሉ፣ ወሬ ሲለዋወጡ ኖረው አረጁ። አሁን ጎንበስ ብሎ ማለፍ ስለከበዳቸው እናቴ በዚህ፣ ሐጃ በዚያ በርጩማቸውን አስጠግተው በበሯ ያወራሉ። የማያውቅ ሰው ሲያያቸው እያንዳንዳቸው ከግድግዳ ጋር የሚጨቃጨቁ ይመስለዋል።

እኔ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። ከምዕራፎቹ ሁሉ የምወደው ስለ ትውስታ የሚናገረውን ነው። ተማሪዎቼ ደረታቸውን ነፍተው የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ስለሆነ ደስ ይለኛል፤ ክፉ ደስታ ነው፣ አልክድም። "እንደ ዛሬ ትዝ ይለኛል" የሚል ሰው ከገጠመኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም። በዚህ ጠባዬ የተነሳ ሚስቴ እንግዳ ሲመጣ ገበያ ትልከኛለች።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ከሰው ጋር ያለበትን ሳያጠራ አይነሳም። በየቤቱ እየዞረ "አፉ በሉኝ" ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። የተጠየቀው ሰውም "አፉ ብያለሁ" ሲለው ልቡ ያርፋል። ሐጃም ዞሩ። ጊደር መጋላ ገበያ ያለውን ቅመም ሻጭ ዕድሜ ልካቸውን በክርክር ሲያደርቁት ስለኖሩ አፉ አስባሉት። አንድ የባጃጅ ሹፌር "እኔን እንኳ አስቀይመውኝ አያውቁም" ቢላቸው፣ "በሆዴ ሰድቤህ አውቃለሁ" ብለው እሱንም አፉ አስባሉት። የእኛን ቤት ወደ መጨረሻ አደረጉት። ቅርብ ስለሆንን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከባዱ የእኛ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐጃ ወገባቸውን ይዘው፣ በትንሿ በር ጎንበስ ብለው ገቡ። እናቴ ክው አለች። በዚያች በር ካለፉ ዓመታት ሆኗቸዋልና ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ፈለገች።

"አፉ በይኝ" አሏት ሐጃ፣ ገና ሳይቀመጡ።

"ለምኑ?"

"በይኝ ብያለሁ። ለምኑን ተይው።"

"ሳላውቅማ እንዴት እላለሁ? ደግሞ አንቺ ምን አድርገሽኝ ታውቂያለሽ?"

ሐጃ መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ቀጥለው መሬት መሬቱን አዩ። "የዚህ ልጅሽ ሠርግ ለት" አሉ፣ "ከእኛ ድስት አጉርሼሻለሁ። እስከ ዛሬ ሳልነግርሽ ኖርኩ።"

ለሐረር እንግዳ የሆነ አንባቢ ይህች ጉርሻ ቀላል ልትመስለው ስለምትችል ላስረዳ። እኛ ክርስቲያኖቹ ሙስሊም ያረደውን አንበላም፤ እነሱም ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም። በዚህ ማንም ማንንም ተቀይሞ አያውቅም። ሠርግ ሲሆን ሁለት በሬ ይታረዳል፣ ሁለት ወጥ ቤት ይቆማል፣ በመካከሉ ሸራ ይወጠራል፤ ከዚያ በኋላ ጭፈራው አንድ ነው። በእኔ ሠርግ የሙስሊሙን ወጥ ቤት ያዘዙት ሐጃ ነበሩ። ድስቱም ጭልፋውም ከቤታቸው የመጣ ነው። እንዳይምታታ የእነሱ ጭልፋዎች እጀታ ላይ አረንጓዴ ክር፣ የእኛዎቹ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ከዚያ ዝናብ ጣለ። ሸራው ወደቀ፣ ድስቱ ሁሉ ተግዞ አንድ ጣሪያ ሥር ገባ። እዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል።

ሐጃ እንዲህ ነው የሚሉት። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አሳዘነቻቸው። ፊታቸው ካለው ድስት አንድ ቁራጭ አውጥተው በእንጀራ ጠቀለሉና አፏ ውስጥ ከተቱ። ከዋጠች በኋላ ጭልፋውን ቢያዩ አረንጓዴ ክር። ደነገጡ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ይበሉ? ዝም አሉ። ከዚያ ጀምሮ በየጁምዓው በዚህች ጉርሻ ስም ሰደቃ ይሰጣሉ።

እናቴ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች።

"ተሳስተሻል" አለች። "ያጎረስኩሽ እኔ ነኝ። ያጎረስኩሽም ከእኛ ድስት ነው። ከዋጥሽ በኋላ ነው ቀዩን ክር ያየሁት። አንቺ መስሎሻል እንጂ፣ እኔ ነኝ ስሰቃይ የኖርኩት! የጽጌን ጾም ግዴታ ሳይሆንብኝ በየዓመቱ የምጾመው ለምን ይመስልሻል?"

"አስተግፊሩላህ! እኔ የእናንተን ሥጋ? ወላሂ አልበላሁም!"

"እኔስ የእናንተን መቼ በላሁ?"

ሰው ሲጣላ "አንቺ ነሽ ያጠፋሽው" ሲባባል ነው የማውቀው። እነዚህ ግን "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" እያሉ ተጣሉ። ምክንያቱ ቆይቶ ገባኝ። ያጎረሰችው በስሕተት ነው ያጎረሰችው፤ ለዚያም ስትጾምና ስትመጸውት ኖራ ከፈጣሪዋ ጋር ተስማምታለች። የጎረሰችው ግን በልታለች። ሁለቱም አጉራሽ መሆን ይፈልጋሉ፣ ጎራሽ መሆን የሚፈልግ የለም። አንዲት ጉርሻ ደግሞ ያለ ጎራሽ አትጠፋም።

ጨዋታ አልነበረም። ሐጃ ለዓመታት ሲመኙት ወደኖሩት አገር ሊሄዱ ነው፤ ከልጅነት ጓደኛቸው ሳይታረቁ መሄድ አልሆንላቸው አለ። "አፉ ሳትለኝ አውሮፕላን አልወጣም" አሉ። እናቴ "አፉ ብያለሁ" ካለች ደግሞ በልቻለሁ ማለቷ ነው። እናቴ ቆራቢ ናት። እንዲህ ያለ ነገር ካለባት ለንስሐ አባቷ ተናግራ፣ ቀኖናዋን ጨርሳ እስክትፈታ ድረስ ወደ ቁርባን አትቀርብም። ያን ሁሉ ዓመት ሳላውቅ ስቀርብ ኖሬያለሁ ብሎ ማሰብ ራሱ ያንዘፈዝፋታል። እናም አልልም አለች። በልጅነቴ እንኳ ተዘግታ አይቻት የማላውቃት ትንሿ በር፣ ያን ቀን ማታ ከሁለቱም በኩል ተቀረቀረች። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ፤ እነዚህ ሁለት ሴቶች ተኳርፈው ከሚሞቱ ግድግዳው ቢፈርስ እመርጣለሁ።

በነጋታው ሁለቱም ለየብቻ ጠሩኝ። "አንተ የአእምሮ አስተማሪ አይደለህ? ፍረድ!" አለች እናቴ። ሐጃም በግድግዳው በኩል "ይፍረድ!" አሉ፤ ለካ ጆሯቸውን ደግነው ነበር። በሯን ከፈትኳት፣ በርጩማዎቹን አቀረብኩ፣ መሃል ላይ ተቀምጬ ማስተማር ጀመርኩ።

አእምሮ ካሴት አይደለም አልኳቸው። ያየነውን ነገር አንድ ቦታ ጠቅልሎ አያስቀምጥም። ሽታውን አንድ ጥግ፣ ድምፁን ሌላ ጥግ፣ ፊቱን ሌላ ጥግ ይበትነዋል። ጭንቅላታችን ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ፤ የእሱ ሥራ የቱ ከየቱ ጋር እንደሆነ ማያያዝ ነው። ማስታወስ ስንፈልግ የተበተነውን ይለቃቅምና እንደገና ይሠራዋል። የጎደለውን ከራሱ ይሞላል። መሙላቱን ግን አይነግረንም። ከዚያ የሚያስቀምጠው የመጀመሪያውን ሳይሆን አሁን የሠራውን ነው። "የትናንት ወጥ ስታሞቂ ውሃ ጠብ ታደርጊበታለሽ፣ ጨው ትጨምሪበታለሽ" አልኳት እናቴን። "በየዓመቱ ብታሞቂው መጀመሪያ የተሠራው ወጥ ይገኛል?"

"ወጤ አይጣፍጥም ነው የምትለኝ?"

"አይደለም እማ። ሁለታችሁም አትዋሹም፤ ግን ትክክል ላትሆኑ ትችላላችሁ ነው የምለው።"

"ይቺን ለመማር ነው አዲስ አበባ ስንት ዓመት የከረመው?" አሉ ሐጃ በበሯ በኩል። እናቴም ሳቀችና፣ የተኳረፉ መሆናቸው ትዝ ሲላት አፏን ያዘች።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ሁለቱንም "ምን ምን ይል ነበር?" ብዬ ስጠይቃቸው ጣዕሙ ትዝ የሚለው የለም። የእንጀራው ልስላሴ፣ የጣታቸው ቅባት፣ የጎራሿ አፍ አከፋፈት ሁሉ ትዝ ይላቸዋል። ሁለት እጅ አለን፣ አፍ የለንም።

እኔ ራሴ ምስክር መሆን ነበረብኝ፤ ሠርጉ የእኔ ነው። ግን ስለ ሠርጌ የማስታውሰው ነገር ችግር አለበት። ራሴን የማየው ከጀርባዬ ነው። ኮቴ ትከሻዬ ላይ ተጨማዷል፣ ማጅራቴ ላይ ላብ አለ፣ ከሚስቴ ጎን እየተንገዳገድኩ እጨፍራለሁ። ማንም ሰው የገዛ ማጅራቱን አይቶ አያውቅም። የማስታውሰው ሠርጉን ሳይሆን የሠርጉን ካሴት ነው፤ ቪዲዮ አንሺው ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ካሴቱን ደግሞ ማየት አይቻልም፣ የሚስቴ ወንድም ኳስ ቀድቶበታል። መጀመሪያው ላይ ጥቂት ሰው ሲጨፍር ይታያል፣ ወዲያው የማዕዘን ምት ይመታል።

ሚስቴን ጠየቅኋት። ሚስቴ ረጋ ያለች ሴት ናት።

"የዚያን ቀን ዝናብ አልዘነበም" አለችኝ።

"እንዴት አልዘነበም? ሸራው የወደቀው በምን ሆኖ?"

"ዝናቡ የጣለው በመልሱ ቀን ነው። ቬሎዬን ጭቃ አልነካውም፣ እስከ ዛሬ ነጭ ነው፤ ሄደህ እይ። ሸራውን የጣሉት የአንተ አጎቶች ናቸው፣ ሲጨፍሩ ተደግፈውት።"

ሁሉም የሚስማማበት አንድ ነገር ያ ዝናብ ነበር፤ እሱም ቀረ። ለእናቴና ለሐጃ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ ተናገሩ፤ "ሚስትህ ምን ታስታውሳለች፣ ሙሽራ ነበረች!"

ሽንፈት አልወድም። ከበሬዎቹ አንዱን ያረዱት ሰውዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ እንደሚኖሩ ሰማሁና በባጃጅ ሄድኩ። ሰውዬውን ጫት ማሳቸው ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል፣ ግን ሠርጉን ስጠራላቸው ፊታቸው በራ።

"ያ በሬ!" አሉ። "ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው! አንተን አይደል የረገጠህ? ሱፍህን ለብሰህ ልታይ መጥተህ፣ ግራ እግርህን! ሙሽራው ሽባ ሊሆን ነው ብለን ተጯጯህን እኮ።"

"እኔን?"

"አንተን እንጂ። ይኸው፣ እዚህ ጋ።" ጎንበስ ብለው ቅልጥሜን በጣታቸው ነካ አደረጉ፤ እመኑኝ፣ አመመኝ። ስለ ጉርሻው የሚያውቁት አልነበራቸውም። በሬውን ግን በዝርዝር ነገሩኝ፤ አተነፋፈሱን ሳይቀር። ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ሰኮናው ሲያርፍብኝ ድምፁ ተሰማኝ። አቧራው ትዝ አለኝ። ቤት የገባሁት እያነከስኩ ነው።

"ምን ሆነህ ነው?" አለችኝ ሚስቴ።

"በሬው ረግጦኝ።"

"የትኛው በሬ?"

"የሠርጋችን።"

ጎንበስ ብላ እግሬን አየችው። "የተረገጠው ወንድሜ ነው" አለች። "ካሴቱ ላይ ኳስ የቀዳውም ለዚያ ነው፣ ሲያነክስ ስለሚታይ።" ማነከሴን ወዲያው አቆምኩ። ሕመሙ ግን እስከ ማታ ቆየ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጉዞው ቀን እየቀረበ ነው። የሐጃ ሻንጣ ተዘጋጅቷል፣ ነጩ ልብሳቸው ተሰፍቷል፣ እሳቸው ግን ምግብ አይበላላቸውም። እናቴም እንዲሁ። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያችኑ አንድ ታሪክ ይነጋገራሉ። "ንገሪኝ እስኪ እንደገና" ትላለች እናቴ፣ ስሕተት ልታገኝባቸው። ሐጃ ይናገራሉ። "አሁን አንቺ ተናገሪ" ይላሉ ሐጃ፣ በተራቸው ስሕተት ሊያገኙባት። እሷም ትናገራለች። እኔ ከዚያ ሆኜ ሳዳምጥ፣ ክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የማስረዳው ነገር ዓይኔ ሥር ሲሆን አያለሁ። አንዷ የተናገረችውን ዝርዝር በማግሥቱ ሌላዋ የራሷ አድርጋ ትናገረዋለች። ሁለቱም አያውቁም።

በዚህ ጊዜ ነው ድመቷን የፈጠርኳት። በክፋት አላደረግኩትም፤ ትውስታ እንዴት እንደሚቀጠል ባሳያቸው ነገሩ ይለዝባል ብዬ ነው። እናቴን ብቻዋን አግኝቼ፣ "ያቺ ድመት ሥጋውን ልትነጥቅ የዘለለችውስ?" አልኳት። "የትኛዋ ድመት?" አለችኝ። ሐጃንም እንደዚሁ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ "ድመት አላየሁም" አሉኝ። ሁለት ቀን ጠብቄ ስመጣ እናቴ "ያቺ የተረገመች ድመት" አለች። ሐጃ "ግራጫ ነበረች፣ የወናግ ሱቅ ድመት ናት" አሉ። ወናግ ሱቅ የሚባል ነገር በሰፈራችን ኖሮ አያውቅም።

"ድመት አልነበረችም!" አልኳቸው በድል አድራጊነት። "እኔ ነኝ የፈጠርኳት! አያችሁ አይደል አእምሮ ምን እንደሚሠራ?"

ሁለቱም በሐዘኔታ አዩኝ። "ካላየሃት ከየት አመጣሃት?" አለች እናቴ። ሐጃም "ትዝ ብሎህ ነው እንጂ ልጄ፣ ሰው ያላየውን ድመት አይናገርም" አሉ። ልከራከራቸው ስል እኔም ጅራቷ ጠረጴዛው ሥር ሲገባ ታየኝ።

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ድመቷ ካለች ትበላ! "እንግዲያው" አልኩ፣ "ጉርሻዋን ድመቷ ናት የነጠቀቻት። አንቺም አልበላሽም፣ እርስዎም አልበሉም። ሁለታችሁም አጎረሳችሁ፣ የጎረሰ የለም።" ፊታቸው ፈካ። እናቴ እጇን በትንሿ በር ሰደደች፣ ሐጃ ያዙት። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ድመቷን ሲረግሙ ዋሉ። እኔም ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ።

ማታ ላይ ሐጃ ግድግዳውን መቱ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር አይሆንም" አሉ። "አላህ ፊት ድመት ይዤ አልቀርብም።"

እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና መለሰች። "እኔስ ብሆን፣ የንስሐ አባቴን ድመት ናት ልበላቸው?"

ጉዳዩ ባለበት ቆመ፣ የጉዞው ቀን ደረሰ።

ወደ ድሬዳዋ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ጠባቧ መንገዳችን ስለማይገባ በከተማው ግንብ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሰፈሩ ወጥቷል። ሐጃ ነጭ በነጭ ለብሰው ከቤታቸው ወጡ። ዓይናቸው አብጧል፤ ሌሊቱን አልተኙም። ሰውን ሁሉ እያቀፉ ሲሰናበቱ ዓይናቸው የእኛን በር ያያል። እናቴ አልወጣችም። ገብቼ ልለምናት ስነሳ በሩ ተከፈተና፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምርኩዟን ይዛ ብቅ አለች። ሰዉ ገለል አለላት።

"አስታወስኩ" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "እኔ ነኝ የበላሁት።"

ሐጃ ያቀፉትን ሰው ለቀቁ።

"ልክ ነሽ። አንቺ ነሽ ያጎረስሽኝ። ከእናንተ ድስት ነው፤ አሁን ጣዕሙ ራሱ አፌ ላይ አለ። ስቡ ብዙ ነበር። አፉ ብያለሁ። ሂጂ።"

ሐጃ ማልቀስ ጀመሩ። የደስታ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን አወናጨፉ። "አልበላሽም!" አሉ። "እኔ ነኝ የበላሁት፣ ሌሊት ነው ትዝ ያለኝ! ወላሂ በርበሬው አፌን አቃጥሎኛል፤ ውሃ ለምኜ ጠጥቻለሁ። ስትለፊ ውለሽ አዝነሽልኝ ያጎረስሽኝ አንቺ ነሽ። ስላላመንኩሽ አፉ በይኝ፣ እኔም ላጎረስሽኝ አፉ ብያለሁ!"

"እኔ ነኝ የበላሁት እኮ ነው የምልሽ!"

"ተይ አትበይ፣ አልበላሽም! እኔ ነኝ!"

ሰዉ ሁሉ አንዴ ወደዚች፣ አንዴ ወደዚያች ይዞራል። የሚኒባሱ ሹፌር ጡሩንባ ነፋ። "ምንድን ነው የተበላው?" ብሎ አንድ ወጣት ጠየቀኝ። "አንድ ጉርሻ" አልኩት። "ዛሬ ጠዋት?" አለኝ። እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። በመጨረሻ ተቃቀፉ። ተቃቅፈውም ጭቅጭቁን አላቆሙም፤ አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ሆና "እኔ ነኝ"፣ "እኔ ነኝ" ትላለች። ሐጃን እስከ ግንቡ በር ደግፈን፣ እናቴም እየተከተለችን፣ ሚኒባሱ ላይ ስናወጣቸው በመስኮቱ ራሳቸውን አውጥተው "አልበላሽም!" ብለው ጮኹ። እናቴ ምርኩዟን አነሳችባቸው።

በሚቀጥሉት ቀናት ነገሩን ለተማሪዎቼ አስተማርኩበት። አንድን ታሪክ ደጋግመህ ከሰማህ የአንተ ይሆናል፤ ጣዕም ያልነበረው ትውስታ ጣዕም ያበጃል፤ ሁለት ሰው ብዙ ከተነጋገረ ትውስታውን ሊለዋወጥ ይችላል አልኳቸው። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። እኔም በንግግሬ ረካሁ።

እሑድ እናቴን ቤተ ክርስቲያን አደረስኳት። ቅዳሴው ሊያልቅ ተቃርቦ የሚቆርቡት ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ውስጥ መግባት ሲጀምሩ እሷን ፈለግኋት፤ አጣኋት። ከውጭ፣ ከግቢው አጥር ጥግ፣ ምርኩዟን ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። የሕፃን ልጅ ያህል አንሳ ታየችኝ።

"እማ፣ ምነው? አትገቢም እንዴ?"

"ለአባ ነግሬያቸዋለሁ" አለችኝ። "ቀኖና ሰጥተውኛል። እስክጨርስ አልቀርብም።"

በልጅነቴ ታቅፋኝ ከምትቆርብበት ጊዜ ጀምሮ፣ ታማ ካልተኛች በቀር፣ በዚህ ሰዓት ውጭ ቆማ አይቻት አላውቅም። ውስጤ ያለው ያ አስተማሪ ነኝ ባይ ሰውዬ ግን አሁንም ዝም አላለም።

"እማ፣ የእውነት ትዝ ይልሻል? የእውነት በልተሻል?"

ዞር ብላ አየችኝ፤ ይህን ሁሉ ትምህርት ምን እንዳደረግኩበት የገረማት መሰለች።

"ባልበላ ኖሮ" አለች፣ "እሷ እንዴት ትሄድ ነበር?"

ከዚያ ፊቷን ወደ ቤተ መቅደሱ መለሰች። እኔም ጫማዬን አውልቄ ቅዳሴው እስኪያልቅ አጠገቧ ቆምኩ።